«የኢማም አህመድን ምዕራፍ ልዝለለው?»

ይድረስ ለዓምዱ፤

«ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ9ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ታሪክን መርጬ አልገባሁበትም። በምርጫ ፎርሙ ላይ አንደኛ አድርጌ የሞላሁት ሕግን ነበር፤ ነጥቤ ስላልደረሰ ታሪክ ተመደብኩ። ተመርቄ ሥራ ሳጣ ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ) ተማርኩና መምህር ሆንኩ። እስካሁን ነገሩ ቀስ በቀስ እየለመደልኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የኢማም አህመድንና የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦርነት ሳስተምር አንዱ ተማሪ ‹ወራሪ ነው› አለ። ሌላው ተነሥቶ ‹ለእኛ ጀግናችን ነው› አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ስድብ ተጀመረ፤ አንዱ ደብተሩን ይዞ ጥሎ ወጣ። ከኋላ ወንበር ደግሞ አንድ ልጅ ‹መምህር፣ አንተስ ከየትኛው ወገን ነህ?› ብሎ ጠየቀኝ። አፌ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ኖት አስጽፌ ደወል ሲደወል እወጣለሁ። ርዕሰ መምህራችን ‹የሚያጣላ ነገር ካለ እለፈው› ብለውኛል። ባጃጅ የሚነዳው አብሮ አደጌ ከእኔ የተሻለ ኑሮ ይኖራል። ምዕራፉን ልዝለለው? ወይስ ሙያውን ጨርሶ ልተወው? — መ. ከድሬዳዋ»

ልጄ፣

ምዕራፉን አትዝለለው። ሙያውን ስለመተው ደግሞ በዚህ ሳምንት ድንጋጤ ውስጥ ሆነህ አትወስን፤ እሱን መጨረሻ ላይ እንነጋገርበታለን።

አንተ የዘለልከውን ምዕራፍ ልጆቹ አይዘሉትም። ከቤት ይሰሙታል፣ ከሰፈር ይሰሙታል፣ ከቲክቶክና ከፌስቡክ ያነቡታል። እዚያ ማንም «ይህን ከየት አወቅኸው?» አይላቸውም። ያ ጥያቄ የሚጠየቅበት አንድ ቦታ ያንተ ክፍል ነው። ኖት አስጽፈህ ስትወጣ የጠፋው ጸቡ ሳይሆን ይህ ጥያቄ ነው። ጸቡማ ወደ ግቢው ወጥቷል።

«መርጬ አልገባሁም» ያልከው ሲከነክንህ አነበብኩት። በአገራችን ታሪክ ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ በምደባ የመጡ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። እኔን ወደ ሰሌዳ ያቀረበኝ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ገና ጢም ሳላበቅል አባቴን የሚያህሉ ገበሬዎች ፊደል እንዳስቆጥር ወደ ገጠር ተላክሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ የጣሊያንን ወረራ በጉልምስና ዕድሜያቸው ያሳለፉ ሽማግሌ ነበሩ። ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደሉን ጨርሰን ጨዋታ ስንጀምር የሚናገሩበት መንገድ ገረመኝ። «ይህን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው «ይህን እንኳ አላየሁም፣ ወንድሜ ነው የነገረኝ» ይላሉ፤ አንዳንዱን ደግሞ «እንዲህ ሲባል እሰማለሁ፣ እውነቱን ፈጣሪ ያውቃል» ብለው ያልፉታል። ሦስቱን አንድም ጊዜ ቀላቅለው ሲያወሩ አልሰማኋቸውም። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ታሪክ ምንጮች አመዳደብ ስማር ያ ሁሉ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት እኚህ ማንበብ የማይችሉ ሰው በየማታው የሚያደርጉት ሆኖ አገኘሁት። ታሪክ ማስተማርን የወደድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንተም ዘግይተህ ልትወደው ትችላለህ። ባትወደውም እንኳ በአግባቡ ልትሠራው ትችላለህ። ይህ ለተማሪዎችህ ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ክፍልህ እንግባ። ችግሩ የተፈጠረው ልጆቹ በመከራከራቸው አይመስለኝም። ከ480 ዓመት በላይ ስላለፈው ጦርነት ፍርድ የተጠየቁት ማስረጃ በእጃቸው ሳይኖር ነው። ማስረጃ የሌለው ሰው የሚቀረው ወገኑ ነው፤ እሱን ይዞ ይነሣል። ስለዚህ ከኢማም አህመድ አትጀምር። ከባቡር ጣቢያው ጀምር።

ያለህበት ከተማ ለታሪክ መምህር የተመቸ ነው። ልጆቹን አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ ድሬዳዋ ለምን እዚህ ተቆረቆረች? ሐረርን የሚያህል ጥንታዊ ከተማ ከተራራው ላይ እያለ በዚህ ቆላ አዲስ ከተማ ማን ፈለገ? መልሱን አንተ አትንገራቸው፤ የድሮው ጣቢያ ድረስ ውሰዳቸው። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መሠራት የጀመረው ሐዲድ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው። ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሆኖ ሲገኝ ከሥሩ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ታኅሣሥ 1895 እዚህ ደረሰ፤ ከተማይቱም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀበት። በእነዚያ ዓመታት ድሬዳዋ የሐዲዱ መጨረሻ ነበረች፤ ዕቃው እዚህ ይራገፍና በግመልና በበቅሎ ይቀጥላል። የከዚራ ሰፈር መንገዷ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስለው፣ የመጋላ ሰፈር ደግሞ ሌላ መልክ ያላት፣ የደቻቱ ወንዝ በመካከላቸው የሚያልፈው ለምን እንደሆነ ልጆቹ በየቀኑ ይረግጡታል እንጂ ጠይቀው አያውቁም።

ከዚያ የቤት ሥራ ስጣቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ወይም ከጎረቤት አንድ አዛውንት ስለ ባቡሩ ይጠይቅ። በምድር ባቡር የሠራ፣ በባቡር ሸቀጥ የነገደ፣ ወይም ከሐዲዱ አጠገብ ያደገ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ደብተራቸውን በሦስት ዓምድ ያስምሩት፦ «ሰውዬው ያየው»፣ «ሰውዬው ከሌላ የሰማው»፣ «ሲባል የኖረ»። ክፍል ሲመለሱ ስለ አንዱ ነገር ሁለት አዛውንት ሁለት የተለያየ ታሪክ መናገራቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ዝም በልና እነሱ ይጨነቁበት። ከሁለቱ የትኛውን እንመን? ለምን ተለያዩ? አንዱ የት ቆሞ ነበር ያየው? ሌላውስ ሥራው ምን ነበር? ኦሮምኛ ተናጋሪው አያት፣ ሶማልኛ ተናጋሪዋ አያት፣ የአማራውና የሐረሪው ጎረቤት ሁሉም በዚህ ሐዲድ ላይ የሚሉት ነገር አላቸው። በባቡር ጉዳይ ደግሞ ማንም ማንንም አይሳደብም። ልጆቹ ዘዴውን በማያጣላው ነገር ላይ ይለማመዱታል።

ለዚህ አንድ ሳምንት ብትሰጥ አታባክንም፤ ምክንያቱም ሐዲዱ ራሱ ወደ ምዕራፍህ ይመልስሃል። «ከሐዲዱ በፊት የደጋው ነጋዴ ወደ ባሕር የሚወርደው በየት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። በዘይላ ወደብ። ቡናውም፣ ዝሆን ጥርሱም፣ ባሪያውም፣ ጨርቁም፣ ጨውም በዚያ መንገድ ሲመላለስ ነው የኖረው። ያን መንገድ የያዘ ቀረጥ ይሰበስባል፤ ጠመንጃም ያስገባል። በ1509 ዓ.ም. ፖርቱጋሎች ዘይላን አቃጠሉ፤ በዚያው ዓመት የአዳል (በኋላ ኢማም አህመድ የመሩት ሱልጣኔት) አሚር ማሕፉዝ ከልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጋ ሞተ። ቱርኮች በቀይ ባሕር በኩል፣ ፖርቱጋሎች በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ሲሻኮቱ የእኛም አገር መሪዎች ከየፊናቸው አጋር ያዙ። የሃይማኖቱ ነገር እውነተኛ ነበር፤ የተዋጉት ሰዎች ራሳቸው ጽፈውታልና ከልጆቹ መደበቅ አይገባም። ግን ከሥሩ መንገድም፣ ወደብም፣ ግብርም፣ መሣሪያም ነበረበት። ልጆቹ ይህን ሲያዩ «ወራሪ ወይስ ጀግና» ከሚለው ሌላ ብዙ የሚጠይቁት ያገኛሉ።

አሁን የምንጮቹን ነገር በደንብ ላስረዳህ፤ ክፍልህን የሚያድነው ይኼ ነው።

ስለዚያ ጦርነት ሦስት ጸሐፊዎች አሉህ። አንደኛው ከኢማሙ ጎን የነበረው ዓረብ ፋቂህ ነው፤ በዓረብኛ የጻፈው «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ሁለተኛው በግዕዝ የተጻፈው፣ ልብነ ድንግልን ተክቶ የነገሠው ልጁ የዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል ነው፤ እሱም ትርጉም አለው። ሦስተኛው ንጉሡን ለመርዳት ከመጣው ከፖርቱጋሉ አዛዥ ከክርስቶፎር ዳ ጋማ ጋር በ1533 ዓ.ም. ምጽዋ ከወረዱት 400 ገደማ ፖርቱጋል ወታደሮች አንዱ የነበረው ካስታኞሶ ነው። ከእያንዳንዳቸው ግማሽ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርግ፤ ከዚያ አይብለጥ። ከከባዱ እንግሊዝኛ አጠገብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የቃላት ፍቺ ጻፍለት። ኦሮምኛውን ወይም ሶማልኛውን ካልቻልክ የሚችሉት ተማሪዎች ይርዱህ፤ በጣም ደስ ይላቸዋል።

መጀመሪያ የምታስነብባቸውን ልምረጥልህ። መጋቢት 1521 በሽምብራ ኩሬ የተደረገውን ጦርነት ዓረብ ፋቂህ ሲተርክ፣ የልብነ ድንግል ሠራዊት 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ ነበር ይላል። የኢማሙ ደግሞ 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍና ጠመኔውን አስቀምጥ። «200,000 ሰው በቀን ስንት ኩንታል እህል ይበላል? ውኃ ከየት ይቀዳል? የመጨረሻው ሰው ከሰፈር ሲነሣ የመጀመሪያው የት ደርሷል?» በል። ሒሳብ የሚወዱት ልጆች ወዲያው ይጀምራሉ። ከዚያ «ጸሐፊው ቁጥሩን ለምን እንዲህ አበዛው? የትኛው ወገን ነው እንዲህ ያለ ቁጥር የሚጠቅመው?» ብለህ ጠይቅ። በዚያች ደቂቃ ኢማሙን «ጀግናችን» ያለውም «ወራሪ» ያለውም ልጅ አንድ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም አንድን ጸሐፊ እየመረመሩ ነው። ወዲያው ደግሞ የንጉሡን ዜና መዋዕል አምጣና ያንኑ ጥያቄ ጠይቅበት። ይህን ካላደረግህ አንዱን ወገን ብቻ ውሸታም አደረግህ ማለት ነው፤ ልጆቹም ይይዙብሃል፤ መያዛቸውም ትክክል ነው።

ሌላም አለ። በእጃችን ያለው የዓረብ ፋቂህ መጽሐፍ ኢማሙ ከመሞታቸው በፊት ያበቃል። የገላውዴዎስ ዜና መዋዕል ደግሞ ትኩረቱ ልብነ ድንግል ከሞቱ በኋላ ባለው ዘመን ላይ ነው። ካስታኞሶ ከመጣ በኋላ ያለውን ብቻ ነው ያየው። ሙሉውን ጦርነት ከዳር እስከ ዳር ቆሞ ያየ አንድም ጸሐፊ የለም። ይህን ለ15 ዓመት ልጅ መንገር ይቻላል፤ ይገባዋልም።

የሁለቱን እናቶች ነገር ደግሞ ሳታስተምር አትለፍ። የልብነ ድንግል ልጅ ሚናስ ተማርኮ ባሕር ማዶ የመን ለነበረው የቱርክ ፓሻ ተላከ። የካቲት 1535 ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ሲገደሉ ደግሞ የእሳቸው ልጅ መሐመድ በገላውዴዎስ እጅ ወደቀ። በአንድ ወገን የሚናስ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌል፣ በሌላ ወገን የመሐመድ እናት ባቲ ድል ወንበራ፣ ሁለቱም በዚያ ጦርነት ዘመን ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ ልጆቻቸውን ተለዋወጡ። ሁለቱም ልጆች ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ ሚናስ በኋላ ነገሠ። ጦርነቱ በዚህ አልቆመም፤ ከኢማሙ በኋላ ሐረርን የገዙት አሚር ኑር ከዓመታት በኋላ ገላውዴዎስን ገድለውታል። ስለዚህ የፍቅር ተረት አድርገህ እንዳታቀርበው። ግን የሃይማኖት ጦርነት ብቻ ነው ብሎ ላሰበ ልጅ፣ ያ ልውውጥ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ራሱን እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ሴት ተማሪዎችህም በዚያ ምዕራፍ ውስጥ የሚፈርዱና የሚደራደሩ ሴቶች ያገኛሉ፤ መማሪያ መጽሐፎቻችን በዚህ በኩል ስስታም ናቸው።

ስለ ስም አጠራሩ አጭር ነገር፦ ክፍል ውስጥ «ኢማም አህመድ» በል፤ የንጉሡንም ስም ከነማዕረጉ ጥራ። ልጆቹ ከቤት ይዘውት በሚመጡት ቅጽል አትቆጣቸው፤ ያንተን አጠራር ሰምተው ይለምዱታል።

«አንተስ ከየትኛው ወገን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መሸሽም መቆጣትም አያዋጣም። ያ ልጅ ሊያዋርድህ የጠየቀህ አይመስለኝም፤ ሊያምንህ ይችል እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው። የት እንደተወለድክ፣ ቤተሰብህ ምን እንደሚያምን በአጭሩ ንገረው። ቀጥለህ «በዚህ ምክንያት ያዳላሁ በመሰለህ ጊዜ እጅህን አውጣና ማስረጃውን አሳየኝ» በለው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት እውነተኛ ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ነገር ያስፈልጋል ብለው ነበር፦ የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ ሲፈርድ የማያዳላ አእምሮ፣ ያንን ለሌላው የሚያስረዳ ጥሩ አንደበት። መካከለኛው ብቻውን የሚገኝ አይደለም፤ ሰው ሲቆጣጠረው ነው የሚጠነክር። ተማሪዎችህ ይቆጣጠሩህ።

አንድ ሕግ ግን አጥብቀህ ያዝ። በክፍልህ ውስጥ ስለሞተ ሰው ማንኛውንም ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ አጠገብ የተቀመጠን ልጅ ሃይማኖትና ብሔር መስደብ አይቻልም። ይህን ገና ሲጀመር ንገራቸው። ከሁለቱም ወገን የጣሰውን እኩል ቅጣ፤ በዚህ ላይ ለአንዱ ከላላህ ምንጮቹ ሁሉ አያድኑህም። ጥሎ የወጣውንም፣ ያስወጣውንም ልጅ ለየብቻ ጥራቸው። ቤተሰብ አትጥራ፤ ገና ነው። ኢማሙን ጀግና ያለው ልጅ የገላውዴዎስን ገጽ አንብቦ ለክፍሉ ያስረዳ፤ ወራሪ ያለው ደግሞ የዓረብ ፋቂህን። ሐሳባቸውን እንዲቀይሩ አይደለም። ሌላው የሚለውን ባለቤቱ «አዎ፣ እንዲህ ነው የምለው» እስኪል ድረስ በትክክል እንዲናገሩት ነው።

ርዕሰ መምህሩን በተመለከተ፣ ሰውዬው የፈሩት እውነት ነው። ግቢው ውስጥ ጸብ ቢነሣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ባዶ እጅህን አትሂድ። የሳምንቱን ዕቅድ፣ የሦስቱን ጸሐፊ ቅጂና የክፍሉን ሕግ ይዘህ ሂድ፤ ምዕራፉም በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለ እንጂ አንተ ያመጣኸው እንዳልሆነ አሳያቸው። ከቻሉ አንዱን ክፍለ ጊዜ መጥተው ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ ወላጅ ቢመጣ አብራችሁ ነው የምትመልሱት።

ፈተናም ያስጨንቅሃል፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ መምህሩ ሁሉ ጥያቄ በማሠራት ተጠምዷል። አጭር ኖቱን አትተው፤ ዓመተ ምሕረቱንና ስሙን ማወቅ አለባቸው። ግን ከ40 ደቂቃው 15ቱን ለኖቱ ስጥና ቀሪውን ለንባቡና ለክርክሩ አድርገው። 1521ን በዚያ የሠራዊት ሒሳብ ያገኘ ልጅ ለፈተና ሲል በድጋሚ አይሸመድደውም።

ሐረር ቅርብህ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹን በቀድሞው የራስ ተፈሪ መኖሪያ ውስጥ ወዳለው ሙዚየም ውሰዳቸው፤ የእጅ ጽሑፎቹን ይዩ። ሠርቪስ ካልተገኘ ከየክፍሉ ጥቂት ልጆች ይሂዱና መጥተው ለሌሎቹ ይንገሩ።

አሁን የገንዘቡ ነገር። የመምህር ደመወዝ ኖሮ አያኖርም፤ ይህን ክጄ «ሙያው ክቡር ነው» ብልህ አንተን መናቅ ይሆናል። ማታ ማስጠናት የሚሠሩ አሉ፤ አንተም ብትሠራ ነውር የለበትም፤ ያንተኑ ተማሪ በክፍያ አታስጠና እንጂ። ሕግም አሁንም ከልብህ ከሆነ በማታ ተማረው። ምስክር መመርመር፣ የሁለት ወገን ቃል ማመዛዘን፣ ያለማስረጃ አለመፍረድ እዚያም የምትሠራው ነውና ክፍል ውስጥ ያሳለፍከው ጊዜ አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ ከምትሄድ በፊት ይህን ምዕራፍ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ አስተምረው። ከዚያ በኋላም መሄድ ከፈለግህ ሂድ፤ የመስከረሙ ምዝገባ ገና ነው።